ጫፉ ገባ ማለት ገመዱ ልክ ነው ማለት አይደለም፦ የዲጂታል ድምፅ ገመድ አመራረጥ፣ ደረጃ በደረጃ

አዲስ ሳውንድ ባር ተገዝቶ ቲቪው ዝም ካለ፣ ወይም በሠርግ መሃል ሚክሰሩና ስቴጅ ቦክሱ (መድረክ ላይ የማይክ ገመዶች የሚሰኩበት ሳጥን) በየጥቂት ደቂቃው ከተቆራረጡ፣ ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ ወደ ጥገና ከመሮጣችሁ በፊት ገመዱን ጠርጥሩ። የዲጂታል ድምፅ ገመዶች ሰው የሚያሳስቱት ከሌላ ገመድ ጋር ስለሚመሳሰሉ ነው። የማይክ ገመድና የዲጂታል ኤክስኤልአር ገመድ ጫፋቸው አንድ ነው። ቀይና ነጩ የድምፅ ገመድ ኮአክሲያል በሚባለው ዲጂታል ቀዳዳ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። የኢንተርኔት ገመድም ስቴጅ ቦክሱ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ሁሉም ይገባሉ፤ በትክክል የሚሠሩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው ለሙከራ ሠርቶ ሰው ሲሰበሰብ የሚከዳው ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለሳሎን፣ ለአነስተኛ ስቱዲዮ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድና ለሠርግ አዳራሽ ያገለግላል። ደረጃ አትዝለሉ። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከደረጃ 5 ነው፤ በቀጥታ ሱቅ ይሄድና "የሳውንድ ባር ገመድ ስጠኝ" ይላል፤ ሻጩም ያለውን ይሰጠዋል።

ከቤት ሳትወጡ የምታዘጋጁት

የሁለቱንም ዕቃዎች ጀርባ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ከቀዳዳው ሥር ያለው ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ ቀረብ ብላችሁ። ሱቅ ውስጥ ከማብራራት ፎቶ ማሳየት ይቀላል። ሲባጎና ሜትር ያዙ። ሽቦ ሲገናኝ የሚጮህ ቴስተር ካላችሁ ጥሩ ነው። ትንሽ ስለታም ቢላም ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ መውጫና መግቢያውን ለዩ

ድምፅ ከሚወጣበት ዕቃ "አውት"፣ ድምፅ በሚቀበለው ዕቃ "ኢን" የሚለውን ፈልጉ። ቲቪው ላይ "ኦፕቲካል አውት"፣ ሳውንድ ባሩ ላይ "ኦፕቲካል ኢን" መሆን አለበት። አውትን ከአውት ጋር ማገናኘት ብዙ ጊዜ ምንም አያበላሽም፤ ድምፅም አይሰጥም። ይህን ብቻ በማረም የሚፈታ ችግር ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው።

ቀዳዳዎቹን እንዲህ ለዩዋቸው፦

1. ኦፕቲካል፦ አራት ማዕዘን ሆኖ ከላይ ሁለት ጥጉ የተቆረጠ፣ ትንሽ በር ያለው ወይም በፕላስቲክ ክዳን የተዘጋ ቀዳዳ። ዕቃው በርቶ በሩን ገፋ ስታደርጉት ቀይ ብርሃን ከታየ መውጫ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ከኢርፎን ቀዳዳ ጋር ተዋህዶ ይገኛል፤ ለእሱ አንዱ ጫፍ እንደ ኢርፎን ክብ የሆነ ሚኒ ኦፕቲካል ገመድ ያስፈልጋል።

2. ኮአክሲያል፦ አንድ ብቻውን የቆመ የአርሲኤ ቀዳዳ (ቀይና ነጩ የድምፅ ገመድ እንደሚሰካበት ያለ ክብ ቀዳዳ)፣ ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ወይም ጥቁር። ከሥሩ "ዲጂታል" ወይም "ኮአክሲያል" ይላል። ጎን ለጎን ያሉት ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች አናሎግ ናቸው፤ ከዚህ ጋር አትቀላቅሏቸው።

3. ኤክስኤልአር፦ እንደ ማይክ ባለ ሦስት ፒን። "ኤኢኤስ/ኢቢዩ" ወይም "ኤኢኤስ3" ካለው ዲጂታል ነው። ምንም ካላለ አናሎግ ነው ብላችሁ ውሰዱት።

4. ኤችዲኤምአይ፦ ከብዙዎቹ መሃል ድምፅ ወደ ኋላ የሚመልሰው አንዱ ብቻ ነው፤ "ኤአርሲ" ወይም "ኢኤአርሲ" ተብሎ ተጽፎበታል።

5. የኔትወርክ ቀዳዳ፦ ዲጂታል ሚክሰርና ስቴጅ ቦክስ ላይ ያለው። "ኤኢኤስ50" ይላል ወይስ "ዳንቴ"? ቀዳዳው አንድ፣ ቋንቋው ሁለት ነው፤ በየትኛው እንደሚሠራ ሳታዩ ገመድ አትግዙ።

6. ዩኤስቢ፦ ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክና መሣሪያን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሳጥን)።

ስቱዲዮ ውስጥ ላሉ አንድ ማሳሰቢያ፦ ኦፕቲካሉ ቀዳዳ በአንዳንድ ኢንተርፌስ ላይ በሁለት የድምፅ መላኪያ ቋንቋ ይሠራል፣ በኤስፒዲፍና በኤዳት። በኤስፒዲፍ ሁለት ቻናል ያስተላልፋል፤ በኤዳት ደግሞ በ48 ኪሎኸርዝ 8 ቻናል፣ በ96 ኪሎኸርዝ 4 ቻናል። ገመዱ ያው ነው። አንዱ ወገን በኤዳት፣ ሌላው በኤስፒዲፍ ከተቀመጡ ብርሃኑ እየታየ ድምፅ የለም። ሌላ ገመድ ከመግዛት በፊት የኢንተርፌሱን ሶፍትዌር ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ከሁለት አማራጭ አንዱን ምረጡ

ዕቃዎቻችሁ ኤችዲኤምአይ ኤአርሲም ኦፕቲካልም ካላቸው፣ ለሳሎን ኤችዲኤምአዩን አስቀድሙ፤ በቲቪው ሪሞት ድምፅ መጨመርና መቀነስ የሚቻለው በእሱ ነው። ኦፕቲካል ድምፁን ብቻ ነው የሚወስደው። "የቲቪው ሪሞት ድምፁን አልቀንስ አለኝ፣ ገመዱ የተበላሸ ነው" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ምንም ያልተበላሸ ኦፕቲካል ገመድ ነው የያዘው።

ኦፕቲካልና ኮአክሲያል ብቻ ካላችሁ ደግሞ መብራታችሁን አስቡ። ሶኬቱ ምድር ሽቦ ከሌለው፣ ዲሽ ገመዱም ጣሪያ ላይ ካለ ብረት ጋር ከተነካካ፣ በኮአክሲያሉ የብረት ሽፋን በኩል አላስፈላጊ ኤሌክትሪክ ከዕቃ ወደ ዕቃ ይዞራል፤ ስፒከሩም "ህምምም" ይላል። ኦፕቲካል ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ብርሃን ነው። ይህን ዙረት ለመበጠስ ከሱ የሚሻል የለም። በተቃራኒው ገመዱ ሰው በሚረግጥበት ወይም በሚቀመጥበት ቦታ የሚያልፍ ከሆነ ኮአክሲያል ይሻላል፤ መረገጥ ይችላል።

የድምፅ ጥራት ላይ በኦፕቲካልና በኮአክሲያል መካከል ለቲቪ የሚያጨቃጭቅ ልዩነት የለም። ሁለቱም ሁለት ቻናል ያልታመቀ ድምፅ፣ ወይም የታመቀ ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ 5.1 ይይዛሉ። ከዚያ በላይ፣ ያልታመቀ ባለ ብዙ ቻናል ድምፅ ከቲቪ ወደ ሳውንድ ባር ካስፈለገ ኢኤአርሲ ብቻ ነው መንገዱ፤ እሱም ሁለቱም ዕቃዎች ካላቸው ነው።

ደረጃ 3፦ መንገዱን በሲባጎ ለኩ

በዓይን አትገምቱ። ሲባጎውን ገመዱ በትክክል በሚሄድበት መንገድ ዘርጉ፦ ከቲቪው ጀርባ ወርዶ፣ በግድግዳ ሥር አልፎ፣ እስከ ዕቃው ጀርባ። በሜትር ለክታችሁ ግማሽ ሜትር ጨምሩ። ከዚያ በላይ አትጨምሩ፤ የተረፈ ኦፕቲካል ገመድ ተጠምዞ ነው የሚሰበረው።

የርዝመት ልኩ ይህ ነው። ኦፕቲካል እስከ 5 ሜትር ያለ ሐሳብ ይሠራል፤ ከ10 ሜትር በላይ አትሞክሩ። ኤችዲኤምአይ እስከ 5 ሜትር። ዩኤስቢ 2.0 እስከ 5 ሜትር። ኮአክሲያል በጥሩ ገመድ 10 ሜትር አይቸግረውም። ኤኢኤስ3 በትክክለኛ 110 ኦም ገመድ እስከ 100 ሜትር። ኤኢኤስ50 እና ዳንቴም በኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር።

ቤታችሁ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ከሆነ መንገዱን ስታስቡ ግድግዳ መብሳትን ከሐሳባችሁ አውጡ። ግንቡ ወፍራም የድንጋይ ነው፤ ጀጎልም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ገመዱን በነደባው (በሐረሪ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ በተሠራው መቀመጫ) ጠርዝ፣ በበሩ ጥግ አዙሩት፤ ርዝመቱንም በዚያው ለኩ። ነደባው ላይ ከምንጣፍና ከፍራሽ ሥር ኦፕቲካል አታሳልፉ። ድሬ ዳዋ ላይም መጅሊስ ሥር እንዲሁ፤ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰው ተደግፎበት ከዋለ ክሩ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ሲታይ ግን ምንም የሆነ አይመስልም። ድሬ ላይ ደግሞ ኦፕቲካሉን ከቆርቆሮው ሥር፣ በኮርኒሱ በላይ አትውሰዱት። የክሩ ፕላስቲክ ሙቀት ሲበዛበት ብርሃን ማሳለፉ ይቀንሳል፤ የድሬ ቆርቆሮ በቀትር ምን እንደሚሆን ለነዋሪው አይነገርም።

ደረጃ 4፦ ለየቀዳዳው ትክክለኛውን ገመድ እወቁ

ኦፕቲካል

የሚጠየቀው ስም "ኦፕቲካል" ወይም "ቶስሊንክ" ነው። ክሩ የፕላስቲክ ሆኖ 1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። ጫፉ በወርቅ ተለብጧል ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ ካጋጠማችሁ ሳቁና እለፉ፤ ብርሃን በወርቅ አይሄድም። መክፈል ያለባችሁ ለወፈር ያለ የውጭ ሽፋንና ሲገባ ቀጭ ብሎ ለሚይዝ ጫፍ ነው። ልል ብሎ የሚወዛወዝ ጫፍ የቲቪው ስፒከር በነዘረ ቁጥር ድምፅ ይቆርጣል።

ኮአክሲያል፣ እና ከዲሽ ገመድ መሥራት

እዚህ ላይ ቁልፉ 75 ኦም ነው። ኢምፒዳንስ ይባላል። ገመዱ ከ75 ከራቀ ሲግናሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከፊሉ ተመልሶ ይጋጫል፤ ተቀባዩ ዕቃም አንዱንና ዜሮውን መለየት ያቅተዋል። ይህን በቴስተር የኦም መለኪያ ለማየት አትድከሙ፤ የሚያሳየው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ነው፣ ዜሮ ምናምን ይላችኋል። ማወቂያው በገመዱ ላይ የታተመው ጽሑፍ ነው።

ከሦስቱ የድሮ ዲቪዲ ገመዶች ቢጫው ለቪዲዮ የተሠራ ስለሆነ 75 ኦም እንዲሆን ነው የታሰበው፤ እስከ 2 ሜትር ድረስ ለኮአክሲያል ዲጂታል ይሆናል። ቀዩና ነጩ አይሆኑም። በአንድ ሜትር ሊሠሩ ይችላሉ፤ አትመኑዋቸው።

ለረጅም መንገድ ግን በየጣሪያው ያለው የዲሽ ገመድ፣ አርጂ 6፣ ትክክለኛ 75 ኦም ነው። የሬዲዮ አንቴና ሰዎች የሚጠቀሙበት አርጂ 58 ግን 50 ኦም ነው፤ ቀጠን ያለና ጥቁር ስለሆነ ሻጮች "ያው ነው" ይላሉ። ያው አይደለም። ከአርጂ 6 እንዲህ ሥሩ፦

1. ገመዱን በለካችሁት ልክ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ።

2. ከጫፉ 12 ሚሊሜትር ያህል የውጩን ፕላስቲክ ብቻ አንሱ። ቢላውን አትጫኑ፤ ከሥሩ ያለው መረብ መቆረጥ የለበትም።

3. መረቡን ወደ ኋላ፣ በፕላስቲኩ ላይ እጠፉት። ነጩ ላይ የተለጠፈውን ፎይል ተዉት።

4. ከነጩ 6 ሚሊሜትር ቆርጣችሁ የመሃል ሽቦውን ግለጡ። ሽቦው ላይ የቀረ ነጭ ፊልም ካለ በጥፍር ፋቁት። እሱ ነው ብዙ ጊዜ "ሠርቼው እምቢ አለ" የሚያሰኘው።

5. የዲሽ ኮኔክተሩን አጥብቃችሁ አጥልቁት፣ አሽከርክሩት። ነጩ ከኮኔክተሩ ውስጠኛ ወለል እኩል መድረስ አለበት፤ የመሃሉ ሽቦ ከከንፈሩ 3 ሚሊሜትር ያህል ይውጣ።

6. ሁለቱም ጫፍ ላይ ከዲሽ ኮኔክተር ወደ አርሲኤ የሚቀይረውን አዳፕተር እሰሩ።

7. በቴስተር ሞክሩ፦ መሃል ከመሃል ይጮኻል፣ ከንፈር ከከንፈር ይጮኻል፣ መሃል ከከንፈር ግን መጮህ የለበትም። ከጮኸ አንዲት የመረብ ክር መሃሉን ነክታለች፤ ፈታችሁ ከዚህ ዝርዝር ቁጥር 3 ጀምሩ።

ይህ ገመድ ደረቅ ነው። ከዕቃው ጀርባ በቀጥታ እንዲንጠለጠል አትተዉት፤ በክብደቱ የአርሲኤውን ቀዳዳ ከቦርዱ ይነቅለዋል። ከጠረጴዛው ጋር እሰሩት።

ኤክስኤልአር

የኤኢኤስ3 ልኩ 110 ኦም ነው። ተራ የማይክ ገመድ ለድምፅ ድግግሞሽ እንጂ ለዚህ አልተሠራም፤ ኢምፒዳንሱም ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ሦስትና አምስት ሜትር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ሠላሳ ሜትር ላይ ይቆራረጣል። በ48 ኪሎኸርዝ ሠርቶ በ96 ከከዳም አትገረሙ፤ በሰከንድ የሚያልፈው መረጃ ከ3 ሚሊዮን ቢት ወደ 6 ሚሊዮን ቢት ያድጋል፣ ደካማው ገመድም እዚያ ላይ ይታወቃል። 110 ኦም ካጣችሁ የመድረክ መብራት መቆጣጠሪያው የዲኤምኤክስ ገመድ ባለ 3 ፒኑ ይተካዋል፤ 120 ኦም ነውና ቅርብ ነው። የመብራት ባለሙያዎችን ጠይቁ፤ ከድምፅ ሱቅ ይልቅ እነሱ ጋ ይገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ የኤኢኤስ3 መውጫን ወደ ማይክ መግቢያ አትሰኩ፣ በተለይ ለማይክ ኃይል የሚሰጠው 48 ቮልት ፋንተም በርቶ ከሆነ።

ለስቴጅ ቦክስ የኔትወርክ ገመድ

ሠርግና ጉባኤ የሚያበላሸው በብዛት ይሄኛው ነው። ለኤኢኤስ50 ካት 5ኢ ወይም ከዚያ በላይ፣ በፎይል ወይም በመረብ የተሸፈነ፣ ሁለቱም ጫፍ የብረት ኮኔክተር ያለው ይሁን። ሽፋኑ የተጠየቀው ለጌጥ አይደለም። ደረቅ አየርና የናይለን ምንጣፍ ባለበት አዳራሽ አንድ ሰው ተራምዶ መጥቶ ሚክሰሩን ሲነካ ከጣቱ የሚዘለው ብልጭታ ግንኙነቱን ለሰከንዶች ሊበጥስ ይችላል። ያልተሸፈነ ገመድ ላይ ይህ ይብሳል። ሽፋኑ ከሁለቱም ብረቶች ጋር መገናኘቱን በቴስተር አረጋግጡ፤ ከብረት ብረት መጮህ አለበት።

ኤኢኤስ50 ከሚክሰር ወደ ቦክስ በቀጥታ ይሂድ። በመሃል ስዊች ወይም ራውተር አታስገቡ፤ ኢተርኔት አይደለም። ዳንቴ ግን በስዊች ያልፋል፤ ጊጋቢት ስዊች ይሁን፣ ኤሌክትሪክ የሚቆጥበው አሠራር ካለውም አጥፉት።

ጫፉን ራሳችሁ የምትመቱ ከሆነ፣ የኮኔክተሩን መቆለፊያ ወደ ታች፣ ገመዱን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ ይኸው ነው። ብዙዎች ቀለሞቹን ጥንድ በጥንድ በራሳቸው ተራ ይደረድሩና "ሁለቱ ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ምን ችግር አለው" ይላሉ። የኔትወርክ መሞከሪያውም ከ1 እስከ 8 መብራቱን በተራ ያበራላቸዋል። ችግሩ 3ኛውና 6ኛው ፒን አንድ ላይ የተጠማዘዙት ሁለት ሽቦዎች መሆን ነበረባቸው፤ ከተለያየ ጥንድ ሲመጡ አንዱ ጥንድ የሌላውን ሲግናል ይቀበላል። መሞከሪያው ይህን አያይም። ሚክሰሩ ግን ያያል።

ገመዱ በየፕሮግራሙ የሚጠቀለል ከሆነ ውስጡ በብዙ ቀጫጭን ክር የተሠራ ይሁን። ለግድግዳ ውስጥ የተሠራው፣ አንድ ወፍራም ሽቦ ያለው፣ ሲጠቀለልና ሲፈታ ውሎ አድሮ ውስጡ ይበጠሳል።

ኤችዲኤምአይና ዩኤስቢ

ለኤአርሲ ቤት ያለ ኤችዲኤምአይ ገመድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለኢኤአርሲ "ሃይ ስፒድ ዊዝ ኢተርኔት" ወይም "አልትራ ሃይ ስፒድ" የሚል ፈልጉ። በዩኤስቢ ዋናው ወጥመድ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው ገመድ ነው፤ ውስጡ የመረጃ ሽቦ የለውም። ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፎቶ ካላሻገረ ለኢንተርፌስም አይሠራም። አራት ማዕዘን የሆነው የኢንተርፌስ ቀዳዳ ከፕሪንተር ገመድ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ "የፕሪንተር ገመድ" ብላችሁ ብትጠይቁ ቶሎ ታገኛላችሁ።

ደረጃ 5፦ ሱቅ ላይ የምታደርጉት ፍተሻ

ድሬ ዳዋ ታይዋን ገበያ ሂዱ ወይም ሐረር ሸዋ በር፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የሚከተሉትን አድርጉ።

ኦፕቲካሉን ከከረጢቱ አውጡ፣ የሁለቱንም ጫፍ ክዳን አንሱ፣ አንዱን ጫፍ ወደ ስልካችሁ ፍላሽ መብራት አዙሩ። ሌላው ጫፍ ላይ ክብና ንጹሕ የብርሃን ነጥብ መታየት አለበት። ደብዘዝ ያለ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ወይም ጭረት ያለበት ከሆነ ሌላ ጠይቁ።

የኔትወርክና የዲሽ ገመድ በሜትር ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቁ። ከመዳብ ቀለሙ ሥር ነጭ ከወጣ በመዳብ የተለበጠ ነው። ለዲሽ ገመድ ይህ አያስጨንቅም፤ በመዳብ የተለበጠ ብረት ለዚህ ሥራ ይሆናል። ለኔትወርክ ገመድ ግን ነጩ አሉሚኒየም ነው፤ አትግዙት። ይሰበራል፣ በረጅም ርቀትም ይደክማል። ሻጩ እንድትፍቁ ካልፈቀደ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከኦፕቲካል ወደ ቀይና ነጭ አርሲኤ የምትቀይረዋን ትንሽ ሳጥን የምትገዙ ከሆነ፣ አቅጣጫዋን አረጋግጡ። ሁለት ዓይነት አለች፣ በመልክ መንትያ ናቸው። እናንተ የምትፈልጉት ከዲጂታል ወደ አናሎግ የምትቀይረዋን ነው፤ ኦፕቲካሉ ላይ "ኢን"፣ ቀይና ነጩ ላይ "አውት" መባል አለበት። የ5 ቮልት ቻርጀሯ አብሯት መኖሩንም እዩ፤ ያለ መብራት አትሠራም።

ደረጃ 6፦ መግጠም

1. ሁለቱንም ዕቃ ከሶኬት ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም። ባለ ሁለት ፒን ዕቃዎች ምድር በሌለው ሶኬት ላይ አካላቸው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይኖራቸዋል፤ ስትነኩት የሚነዝረው እሱ ነው። አርሲኤ ሲሰካ የመሃሉ ፒን ከዳሩ ብረት ቀድሞ ስለሚነካ፣ ያ ኤሌክትሪክ በሲግናሉ መግቢያ በኩል ያልፋል። የኤችዲኤምአይና የኮአክሲያል መግቢያ ሳይታሰብ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

2. የዲሹን ገመድም ከሪሲቨሩ ፍቱት፣ መጨረሻ ላይ መልሱት።

3. የኦፕቲካሉን ክዳን ከሁለቱም ጫፍ አንሱ። ክዳኑ ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ ሳይነሳ ተሰክቶ የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። ክዳኖቹን አትጣሉ፤ ገመዱ ሲነቀል ከአቧራ የሚከላከሉት እነሱ ናቸው።

4. የጫፉን ቅርጽ ከቀዳዳው ጋር አስተካክላችሁ ቀጭ እስኪል ግፉ። አታሽከርክሩ። ካልገባ ገልብጡት እንጂ አታስገድዱት፤ ትንሿ በር ከተሰበረች አቧራ ይገባል።

5. መታጠፊያው ላይ ኦፕቲካሉን ከሻይ ብርጭቆ አፍ ጠበብ አድርጋችሁ አትጠምዙ።

6. የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ዜሮ ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ምንጩን፣ በመጨረሻ አምፕሊፋየሩን አብሩ። ስታጠፉ በተቃራኒው።

ደረጃ 7፦ ሴቲንግ

ገመዱ ልክ ሆኖ ድምፅ የሌለበት ዋናው ምክንያት እዚህ ነው። ቲቪው ላይ የድምፅ መውጫውን ከቲቪ ስፒከር ወደ ኦፕቲካል ወይም ኤችዲኤምአይ ቀይሩ። ሳውንድ ባሩ ላይም ምንጩን በራሱ ሪሞት ምረጡ። ከዚያ የዲጂታል ድምፅ ዓይነቱን "ፒሲኤም" (ያልታመቀ ድምፅ) አድርጉ። ትንሿ መቀየሪያ ሳጥን ዶልቢን አትፈታም፤ ፒሲኤም ብቻ ነው የምትረዳው። ሆም ቲያትራችሁ ዶልቢ የሚል ምልክት ካለው፣ በኋላ ወደ "አውቶ" መልሱት።

ለኤአርሲ ደግሞ ሲኢሲ የሚባለው፣ ዕቃዎቹ በኤችዲኤምአይ እርስ በርስ የሚታዘዙበት ሴቲንግ መከፈት አለበት። ስሙ በየቲቪው ይለያያል፤ ሳምሰንግ "ኤኒኔት ፕላስ"፣ ኤልጂ "ሲምፕሊንክ"፣ ሶኒ "ብራቪያ ሲንክ" ይሉታል።

በስቱዲዮና በሚክሰር ላይ ሰዓት፣ ማለትም ዕቃዎቹ የድምፁን ናሙና እኩል የሚቆጥሩበትን ምት፣ የሚሰጠው አንድ ዕቃ ብቻ ይሁን። ላኪው "ኢንተርናል"፣ ተቀባዩ "ኤክስተርናል" ላይ ይቀመጥ፤ የሁለቱም የናሙና መጠን፣ 44.1 ወይም 48፣ እኩል ይሁን።

ሲበላሽ

ምንም ድምፅ የለም። ቅደም ተከተሉ፦ አውትና ኢን፣ ክዳን፣ ምንጭ ምርጫ፣ ፒሲኤም። ኦፕቲካል ከሆነ ተቀባዩ ጋ ያለውን ጫፍ ነቅላችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አዙሩ። ቀይ ነጥብ ካለ ቲቪውና ገመዱ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ከተቀባዩ ወገን ነው። ከሌለ ላኪው ጋ ያለውን ጫፍ ንቀሉና ቀዳዳውን እዩ፤ እዚያ ቀይ ካለ ገመዱ ሞቷል።

ኃይለኛ "ሽሽሽ" ወይም ፍርፍር ያለ ጩኸት። ወዲያው ድምፁን ቀንሱ፤ ትንንሾቹን ስፒከሮች ያቃጥላል። ተቀባዩ የዶልቢን መረጃ እንደ ተራ ድምፅ እያነበበው ነው። ፒሲኤም አድርጉ።

በእኩል ጊዜ ልዩነት "ጠቅ፣ ጠቅ"። ይህ የሰዓት ችግር እንጂ የገመድ አይደለም። ሁለቱም "ኢንተርናል" ላይ ናቸው።

ጊዜውን ሳይጠብቅ መቆራረጥ። ይህ ገመድ ነው። አጭር ገመድ ለሙከራ ስኩ፤ ከተስተካከለ የቀድሞው ረዝሟል ወይም ኦሙ ልክ አይደለም። ኦፕቲካል ከሆነ ጫፉን በንጹሕና ደረቅ የመነጽር ጨርቅ ጥረጉ፤ ድሬ ላይ አቧራው በሳምንታት ውስጥ ይሸፍነዋል። በአፋችሁ አትንፉበት፣ እርጥበቱ ያጣብቀዋል።

"ህምምም" የሚል ድምፅ። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉ። ከጠፋ ዙረቱ በዲሹ በኩል ነው፤ ኮአክሲያሉን በኦፕቲካል ቀይሩ። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ዲቫይደር ማብራትም ይረዳል። የሶኬቱን የምድር ፒን ቆርጣችሁ ለማጥፋት ግን አትሞክሩ፤ ሰው ይገድላል።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ዝም ማለት። ኤአርሲ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ሁለቱ ዕቃዎች ሲነሱ ሳይተዋወቁ ይቀራሉ። ሁለቱንም ከሶኬት ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ቲቪውን አስቀድሙ፣ ሥዕል ሲመጣ ሳውንድ ባሩን አስከትሉ። መቀየሪያ ሳጥኗ ከቲቪው ዩኤስቢ መብራት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ቲቪው ሲጠፋ እሷም ትጠፋለች፤ ለብቻዋ የ5 ቮልት ቻርጀር ስጧት።